የሙላውን ደኅንነት ለመንገር መካነ ብርሃን ድረስ

ይህ ጉዞ ስልሳ ሁለት ሺህ ብር አስወጥቶኛል። የአውሮፕላኑ ደርሶ መልስ፣ የመኪናው፣ የአልጋው፣ ለሽማግሌዎች የያዝኩት ስኳርና ቡና፣ የስልክ ካርዱ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። በዚህ ብር መርካቶ ላይ ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሥራዬ ባልትና ነው። በርበሬና ሽሮ አስፈጭቼ በጅምላ እሸጣለሁ። ጁባ ላይ ደግሞ አንድ ሱቅ አለኝ፤ እዚያ የሚኖሩት ያገራችን ሰዎች ሽሮ ሲያምራቸው ዋጋ አይከራከሩም። ሱቁን መክፈት ቀላል ነበር፤ ያቃተኝ ሰው ማቆየቱ ነው። ዕቃ ድንበር ስታሻግር ቀረጡን ከፍለህ ትገላገላለህ። ሰው ግን ሚስት አለው፣ እናት አለው፣ ወባ ይይዘዋል፣ የሥራ ፈቃዱ ያልቃል፣ ፋሲካ ሲደርስ ሆድ ይብሰዋል። የመጀመሪያው ልጅ ሥራውን ሳይለምድ ወደ ሌላ አገር ጠፋ። ሁለተኛውን ወባ ስላንገላታው መለስኩት፤ ሲመለስ የድሮ ቦታውን ሌላ ሰው ይዞት ስላገኘው ተኳርፈን ተለያየን። ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ጣጣ ብቻ አንድ ክፍል ከነኃላፊው እንዳላቸው ሰምቻለሁ። እኔ ዘንድ ክፍሉም ኃላፊውም እኔው ነኝ።

ሦስተኛው ሙላው ነው። የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ልጅ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ሰው አይነካም፣ የሰውም አይነካም። ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል እንዲያድስ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እንጉዳይን ካላመጣህልኝ አልፈርምም» አለኝ። እንጉዳይ ሚስቱ ናት።

«ደውልላትና ትምጣ።»

«እኛ አገር ኔትወርክ ከጠፋ ወራት ሆነው። ደግሞ እናቴ ሳትመርቃት እግሯን አታነሣም። ሰው ሄዶ ማነጋገር አለበት።»

«ማን ይሂድ ታዲያ?»

«አንተ ነሃ!»

እሱ ከተወው ሱቁ ይዘጋል። ሌላ እንደሱ ያለ ሰው የት እንደሚሸጥ አላውቅም። ሄድኩ።

ሰኞ ጎንደር ገባሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ የወሰደኝ ባለባጃጅ ከጠየቀው ዋጋ ላይ ስቀንስበት ሳቀብኝና «አዲስ አበቤ ነህ፣ አይደል?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ የሚከራከር ሰው ባለበት ከተማ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። ፒያሳ አካባቢ አልጋ ያዝኩ። የጣሊያን ሠራሽ ሕንፃዎቹ ወፋፍራም ግድግዳ ስላላቸው የጎረቤት ቴሌቪዥን አይሰማም፤ የእኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ቢሆን የጎረቤቴን ሳል እቆጥር ነበር። ቤተ መንግሥቱን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ለመግባት ጊዜ አልነበረኝም፤ በዚያ ላይ ባለቤቱ ቤት የለም።

ማታ የሙላውን የአክስት ልጅ አገኘኋት፤ ሆስፒታል ነርስ ናት። ሻይ ጋበዘችኝና መንገዱን አስረዳችኝ። «እንዲሁ ዘው ብለው እንዳይገቡ» አለችኝ፤ «የሰው ሚስት ከእናት ቤት አውጥቶ ውጭ አገር መላክ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይያዙ። የነፍስ አባታቸውንም ይያዙ። በጠዋት ይሂዱ፣ ሳይበተኑ።» መልካም ምክር ነበር። እኔም ብሆን ይህንኑ እመክር ነበር።

ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ወጣን። በየኬላው እየወረድን መታወቂያ አሳየን። አንዱ ፈታሽ ቦርሳዬን ከፍቶ ስኳሩንና ቡናውን አየና «ለቅሶ ነው ሠርግ?» ሲል ጠየቀኝ። «ሽምግልና» አልኩት። ቦርሳዬን ራሱ ዘግቶ ሰጠኝ። ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። የተኛሁበት ቤት ባለቤት ብርድ ልብስ ሁለት ደርባ፣ ሦስተኛ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። አዲስ አበባ ለተጨማሪ ብርድ ልብስ የሚያስከፍል ሆቴል አውቃለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራውም፤ ወዳጄ ነው።

ረቡዕ ባለቤቷ ጋቢዋን ለመንገድ ሰጥታኝ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጋቢው መልበስ የማላውቀው ልብስ ስለሆነ እንደመጣልኝ ተከናንቤው ነበር። መንገዱ በተራራው ፓርክ ውስጥ ያልፋል፤ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚባሉትን ቦታዎች አልፎ ቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ይወጣና ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ከጨነቅ በላይ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ግራና ቀኝ ጅብራ የሚባለው ተክል ቆሟል፤ ከሰው ይረዝማል፣ ግንዱ ጥቁር ነው፣ አናቱ ላይ ቅጠል ተከምሮበታል። ጉሙ ሲሳሳ ሰዎች ተሰልፈው የሚጠብቁን ይመስላል፤ ሲወፍር ይጠፋሉ፤ እንደገና ሲሳሳ ቀረብ ብለው የቆሙ ይመስላል። ሌላው ተሳፋሪ ያንቀላፋል። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቆሎ እየዘገነች ትሰጠኝ ነበር። የመካነ ብርሃን ሰው ናት።

«ማን ዘንድ ነው የሚሄዱት?»

«ከሙላው ቤተሰቦች ዘንድ። ጁባ ያለው ሙላው።»

«ውይ፣ የእንጉዳይ ባል? ምኑ ነዎት?»

«አሠሪው ነኝ።»

መዝገኗን አቆመች። «እንደምን ነው ታዲያ?»

«ደኅና ነው። በጣም ደኅና ነው።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣችው። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም፤ የቆሎውን ከረጢት ግን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሙሉውን። ምን ያስቀየምኳት ነገር አለ ብዬ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር።

መካነ ብርሃን ስንደርስ ከአውቶቡሱ ቀድማኝ ወርዳ ሄደች። እኔ ሻይ ቤት ገባሁ። ሁለት ሻይ ጠጥቼ፣ ዳቦ በልቼ ሒሳብ ስል ባለሻይዋ እጇን ሰበሰበች። «ይተዉት፣ ጌታው» አለችኝ። ለስጦታ ብዬ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ሻሽ ለመግዛት ገባሁ። ባለሱቁ ዋጋ ነገረኝ፤ በልማዴ ግማሹን ጠራሁለት፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እሺ» ብሎ ጠቀለለልኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ነግጃለሁ፤ በመጀመሪያ ጥሪ እሺ የሚል ሻጭ አይቼ አላውቅም። ሻሹን ይዤ ወጣሁ። ሰዎች በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ ሳያቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። መርካቶ ላይ ሰው እንደዚህ የሚያይህ ከስሮ የሸሸ ነጋዴ ስትሆን ነው።

ነርሷ የጠቆመችኝ አያ ደረሰ አልጋ ያከራያሉ፤ የሙላውን ቤተሰብ በደንብ ያውቃሉ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ሳልናገር እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። እግሬን አስታጠቡኝ። የጾም ቀን ነውና ሽሮ ቀረበ። ሽሮ ሥራዬ ነው፤ ቀመስኩት፤ ከእኔው ይበልጣል። ከማን እንደሚያስፈጩ ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጃችን ብቻውን ነበር?»

«የለም፣ ሁለት ልጆች አብረውት ይሠራሉ። አንድ ቤት ነው የሚያድሩት።»

«ተመስገን። ሰው ነበረው» አሉ።

«ደኅና ነው እኮ፣ አያ ደረሰ። የመጣሁት ሚስቱን ልወስድለት ነው።»

«ይሁና» አሉ፤ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «ይሁና፣ ጌታዬ። መንገድ አድክሞዎታል። በጠዋት ቄሱንና አንድ ሌላ ሰው ይዤ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ አያውሩት።»

ከዚያ የአልጋውን ዋጋ ጠየቅኳቸው። «ምነው!» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸው።

ሐሙስ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣን። አያ ደረሰ፣ መስቀላቸውን የያዙት ቄስ፣ አንድ ሌላ ሽማግሌና እኔ። የሙላው ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተረተር ሥር ነው። ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት አገኘን። አየችን፤ ሸክሟን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ከኋላችን ተከተለች። በሬ የሚነዳ ሰው በሬዎቹን ትቶ ተከተለን። ከየአጥሩ በር ሰው ይወጣል፤ አይጠይቅም፣ ሰላምታ አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይቀላቀላል። ዞር ስል ብዙ ነበሩ። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በጉሙ ውስጥ፣ የእግር ድምፅ ብቻ። እኛ ሰፈር ለእንግዳ የሚደረገው ሽኝት እስከ በር ነው፤ እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ እንግዳ አክባሪዎች ናቸው እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አልተጽናናሁም። ከአያ ደረሰ ጎን ተጠጋሁ።

«ይኼ ሁሉ ሰው የት ነው የሚሄደው?»

«ከእርስዎ ጋር» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ጋቢዬን ያየሁት። ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። ለቅሶ የሚደረስበት አለባበስ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉም ገባኝ። እኛም ሰፈር ቢሆን መርዶ በጠዋት፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። መርዶ ነጋሪ ደግሞ መንገድ ላይ ሲጠየቅ ምን ይላል? ደኅና ነው ይላል። እኔ ከአውቶቡሱ ጀምሮ ላገኘሁት ሁሉ ሙላው ደኅና ነው እያልኩ ስናገር ነው የመጣሁት።

«አያ ደረሰ፣ ቆይ! ልጁ አልሞተም!»

ክንዴን ያዙኝ። «አይዞዎት። እኔ እነግርልዎታለሁ።»

ጋቢውን ለመገልበጥ ታገልኩ፤ ይበልጥ ተጠመጠመ። እንጉዳይ ከቤት ወጣች። በእጇ ጨረቃ የመሰለ ክብ የእበት ኩበት ይዛ ነበር። ቄሱን አየች፤ እኔን አየች፤ ከእኔ ኋላ ያለውን ሕዝብ አየች። ኩበቱ ከእጇ ወደቀ። ማንም አንድ ቃል አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገም።

የዚያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ደረት ይመታል፣ ፊት ይቧጨራል። የሙላው እናት ከደጃፉ ወጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዲት አልቃሽ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

ብርድ ያሳደገውን ወስዳችሁ ለሙቀት፣
መልሽው ብላችሁ ንገሯት ለዚያች መሬት።

እኔ መሐል ቆሜ «በሕይወት አለ! ባለፈው ሳምንት አነጋግሬዋለሁ!» እላለሁ። በጮህኩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። አንዱ ውኃ አመጣልኝ። «ምስኪን፣ አእምሮውን ሳተው» ሲል ሰማሁት። እውነት ለመናገር ትንሽ ቆይቶ እኔም ተጠራጠርኩ። ሳምንት ረጅም ነው፤ ወባ አለ፣ ሽፍታ አለ። ምናልባት እኔ ያላወቅኩትን አውቀው ይሆን? እንባዬ መጣ። የሚያለቅስ ሰው መሐል ስትቆም ምክንያት አያስፈልግህም።

ያዳነችኝ እንጉዳይ ናት። ፀጉሯ ተበታትኖ ወደ እኔ መጣችና «አይተኸዋል?» አለችኝ፤ «ሬሳውን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ሬሳ የለም፣ እቴ። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ውሰጂኝና ራሱ ይንገርሽ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ከቤቱ በላይ ወዳለው ተረተር መራችኝ፤ ጫፉ ላይ አልፎ አልፎ ኔትወርክ እንደሚይዝ ሰምታለች። አያ ደረሰ እያለከለኩ ተከተሉን። እኔን ለመደገፍ ይመስለኛል። ጫፉ ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ እንደ እብድ ዞርኩ። አንድ መስመር መጣ፤ ጠፋ፤ መጣ። ደወልኩ። ጠራ። ረጅም ጠራ። ካላነሣው እዚያው ተራራ ላይ እንደምቀር አውቅ ነበር።

«ሃሎ፣ ጋሼ?»

ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት።  በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ፊቴን አዞርኩ። መልሱን ሰማች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እሱ ነው» አለች። «ወፍሯል። ድምፁ ወፍሯል።»

አያ ደረሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለመውረድ ስነሣ እንጉዳይ ስልኩን መለሰችልኝ፤ ሙላው ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ ከኋላ የሚሰማኝ ምንድን ነው?»

ነፋሱ ለቅሶውን ከሥር እያነሣ ያመጣዋል። ሠርግ ነው ልለው አሰብኩ፤ ዕቃዬን ስሸጥ ከዚህ የባሰ ዋሽቻለሁ። አልወጣልኝም።

«ለቅሶ ነው።»

«የማን?»

«ያንተ።»

 «ማን ማን አለ?» አለ። እንጉዳይ ስልኩን ተቀበለችኝና ቁልቁል እያየች ስም ትጠራለት ጀመር። እናቱ። አጎቱ። የላይ ቤቶቹ። በወሰን የተጣላው ካሤ።

«ካሤም?»

«ካሤም። መሬት ላይ እየተንከባለለ።»

«አዙሪልኝ» አላት። «ስልኩን ወደነሱ አዙሪልኝ። ትንሽ ልስማ።»

ስልኩን ተቀብዬ ወደ ገደሉ ዘረጋሁት።  ሥር አልቃሿ ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ክንዴ ደነዘዘ። ሮጦ ወርዶ የሚያስቆማቸው አንድ ሰው ከመሐላችን አልተገኘም። አንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ሙላው?» አልኩ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። «አትዝጋው፣ ጋሼ» አለኝ። የሞተ ሰው ከመቃብሩ ሆኖ ለቅሶውን ሲያዳምጥ እንዲህ ይተነፍሳል ብዬ አሰብኩ፤ ስልኩን ቶሎ ከጆሮዬ አራቅሁት። ባትሪው እስኪሞት ሰማ።

ስንወርድ እኔን ያመነ አልነበረም፤ እሷን አመኗት። ለቅሶው በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ነዳጅ እንዳለቀበት ጄኔሬተር እየተንገጫገጨ ነው የጠፋው። ካሤ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ማንንም ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ። ጎረቤቶች ለለቀስተኛ የሚቀርበውን እዝን ቀድመው ይዘው መጥተው ስለነበር ያንኑ በላን። የምግቡን ስም የሚጠራ አልነበረም። አያ ደረሰን «ምነው ስነግርዎ አላመኑኝም?» አልኳቸው።

«ጌታዬ» አሉኝ፤ «ለደኅና ሠራተኛ ብሎ ቧሂትን የሚያቋርጥ አሠሪ እኛ አላየንም።»



የሙላው እናት ስሰናበት እጄን አልለቅ አሉኝ። አልቆጡም። «አሁንስ ሸጋ ነው» አሉ፤ «ሌላ ቀን ብትመጣ ግን ምኑን አምናለሁ?»

ዓርብ ስመለስ ባለሻይዋ የሁለቱንም ቀን ሒሳብ ተቀበለችኝ። አያ ደረሰም የአልጋውን አልተዉም። ባለሱቁ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የሻሹ ቀሪ ግማሽ እንዳለብኝ አስታወሰኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በቧሂት ላይ ፀሐይ ነበር፤ ጅብራው ጅብራ ብቻ ነበር። እንጉዳይ ለመምጣት እሺ ብላ ነበር፤ እናትየውም መርቀዋት፣ ወረቀቱን ጎንደር ለማስጨረስ ተስማምተን ነበር።

አዲስ አበባ በገባሁ በማግሥቱ ሙላው ደወለ። ቁልፉን ለልጆቹ ሊሰጥ እንደሆነ ነገረኝ። ደሞዙን በግማሽ እንደምጨምር ነገርኩት። ሚስቱ እንደምትመጣ ነገርኩት።

«አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። «እዚህ ብሞት መርዶዬን የምታደርሰው አንተ ነህ። በሕይወት መኖሬን እንኳ መንገር አቃተህ።»

መንገር እንዳቃተኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

የጁባው ሱቅ ከነመደርደሪያው ተሸጧል። ሙላው አገሩ ገብቷል፤ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ወስዷል። ከሽያጩ የተገኘው ስልሳ ሺህ ብር ነው። ከጉዞው ወጪ ሁለት ሺህ ጎድሏል።